ሩቅ ሥራ፣ ቅርብ አልጋ

ሁለት ሌሊት ትሠሪያለሽ፣ የሦስት ሌሊት ይከፈልሻል። ለነርስ ከዚህ የሚጥም ማስታወቂያ የለም። ቅዳሜና እሑድ ማታ 12፣ 12 ሰዓት ትቆሚያለሽ፤ 24 ሰዓት ሠርተሽ 36 ይታሰብልሻል፤ የጤና ኢንሹራንሱም ከሙሉ ሠራተኛ እኩል ነው። አሜሪካኖቹ ነርሶች ይህን አሠራር «ቤይለር» ይሉታል። በ1980ዎቹ መጀመሪያ (በዚህ ጽሑፍ ያለው ዓመት ሁሉ የፈረንጆቹ ነው) ዳላስ ያለው የቤይለር ሆስፒታል ለቅዳሜና እሑድ ሰው ሲያጥረው ያመጣው ዘዴ ነው። ዛሬም ማስታወቂያው የሚወጣው ሰው በጠፋበት ቦታ ነው፤ ሰው የሚጠፋው ደግሞ ብዙውን ጊዜ ቦታው ሩቅ ስለሆነ ነው።

ሰሞኑን አንዲት የሰንበት ትምህርት ቤታችን ልጅ ይህንኑ ማስታወቂያ በስልኳ ይዛ መጣች። ነርስ ሆና መሥራት ከጀመረች ገና ሁለተኛ ዓመቷ ነው። «እትዬ፣ ሁለት ሰዓት ተኩል ነው የሚያስነዳው፤ ልውሰደው?» አለችኝ። የቤተ ክርስቲያን በር ላይ ቆሞ የሚመለስ ጥያቄ አልነበረም። እኔ ያንኑ መንገድ ለዚያው ዓይነት ሥራ ስመላለስበት ከርሜአለሁ፤ ለመጨረሻ ጊዜ የተመለስኩት ግን በአምቡላንስ ነው።

የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ባለቤቴ ሾፌር ነው፤ ቀድሞ ታክሲ፣ ኋላ በስልክ የሚጠራውን ይነዳል። እንዲህ ለራሱ የሚሠራ ሰው ኢንሹራንስ የሚገባለት አሠሪ ስለሌለው የቤታችን ኢንሹራንስ የተንጠለጠለው በእኔ ሥራ ላይ ነበር። ሁለት ልጆች አሉን፤ ያኔ ትንሿ ትምህርት ቤት አልገባችም። ማቆያ ብናስገባት ከደመወዜ የሚተርፈው ለመናገርም ያሳፍራል። እኛ ሐበሻ ነርሶች ሌሊትና ቅዳሜ እሑድ የምናዘወትረው ወደን አይደለም። አንዱ ሲገባ ሌላው እየወጣ ልጅ የሚያዝበት መላ እሱ ብቻ ሆኖብን ነው። በር ላይ ልጅና የመኪና ቁልፍ እየተቀባበሉ ዓመታት ያሳለፉ ባልና ሚስት በእኛ ሰፈር ሞልተዋል።

መንገዱ እንዲህ ነው። በ270 አውራ ጎዳና ወደ ፍሬድሪክ ትወጫለሽ፤ ከዚያ 70ን ይዘሽ ወደ ምዕራብ እስከ ሃንኮክ። ሃንኮክ ሜሪላንድ የምትቀጥንበት ቦታ ነው፤ ከፖቶማክ ወንዝ እስከ ፔንሲልቬንያ ድንበር ሁለት ማይል አይሞላም። እዚያ 68 ይጀምርና ተራራው ይመጣል። ሳይድሊንግ ሂል ላይ መንገዱን ለማሳለፍ ተራራውን ከ100 ሜትር በላይ ወደ ታች ቆርጠውታል፤ የተቆረጠው ገጽ ላይ የድንጋዩ ንብብር እንደ ሰፌድ ወደ ውስጥ ጎድጉዶ ይታያል። ቱሪስት ቆሞ ፎቶ ያነሳዋል። የእኔ ሆስፒታል ከእሱ ማዶ ነበር፤ ከተማዋን አልጠራትም፣ ሆስፒታሉም የበደለኝ ነገር የለም። ተራራዎቹ የሚቀያይሩት የአየር ጠባይ ግን ከእኛ ሰፈር የተለየ ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ ዝናብ ሲጥል እዚያ በረዶ ነው። ከፍሮስትበርግ በስተምዕራብ ሳቬጅ ተራራ ላይ በሜይ 2003 በአንድ ቀን ጉም ከ80 በላይ መኪኖች ተላትመው ሁለት ሰዎች ሞተዋል። ሜይ ነው የምላችሁ፣ በጋው ሊገባ ሲል።

ልጅቷ የጀመረችው ከሂሳቡ ስለነበር እኔም ከእሱ ልጀምር። በሰዓት 40 ዶላር ነው እንበል። ሩቁ ሆስፒታል ለ36 ሰዓት 1,440 ዶላር ይሰጥሻል። ቅርብ ያለው ሆስፒታል ለ24 ሰዓት፣ የቅዳሜና እሑድ ጭማሪ 4 ዶላር ታክሎበት፣ 1,056 ይሰጥሻል። ልዩነቱ 384 ዶላር ነው፤ ያጓጓል። ሰው ከዚህ ላይ የሚቀንሰው ቤንዚን ብቻ ነው። ጎማው፣ ዘይቱ፣ ፍሬኑ፣ የመኪናዋ ዋጋ መውረድ ሁሉ ሲደመር የአሜሪካ ግብር መሥሪያ ቤት ለ2024 አንድ ማይል 67 ሳንቲም ብሎ ተምኖት ነበር። መንገዱ ለመሄድ 130፣ ደርሶ ለመመለስ 260 ማይል ነው፤ ይህ 174 ዶላር ይሆናል። እሑድ ጠዋት ወደ ቤት ተመልሰሽ ማታ ደግመሽ ከሄድሽ 348። እንግዲህ ከ384ቱ የተረፈሽ 36 ዶላር ነው፤ ለእሷም መሪ ይዘሽ 10 ሰዓት ተቀምጠሻል። እሑድ ቀኑን እዚያው ሞቴል ተኝተሽ ብታሳልፊ፣ አልጋው 80 ዶላር ቢሆን፣ 130 ገደማ ይተርፍሻል። ይህም ግብር ሳይነካው ነው። ከቤት ወደ ሥራ የሚነዳ መንገድ ደግሞ ከግብር አይቀነስም፤ እቀንሰዋለሁ ብለሽ ደረሰኝ እንዳታጠራቅሚ።

ከሂሳቡ ይበልጥ የሚያበሳጨው ሌላ ነው። ሆስፒታሉ በሽተኛ ሲያንሰው ነርስ ይቀንሳል፤ «ሎው ሴንሰስ» ይሉታል። ሥራው ሊጀምር ሁለት ሰዓት ገደማ ሲቀረው ተደውሎ «ዛሬ አትምጪ» ይባላል። ሆስፒታሉ አጠገብ ለምትኖረው ይህ እረፍት ነው። እኔን ግን ስልኩ የሚያገኘኝ ሄገርስታውንን አልፌ ነው። ያልሠራሁት አይከፈለኝም፣ የነዳሁትም አይመለስልኝ። በውሉ ላይ ሰዓቱ ዋስትና እንዳለው ካልተጻፈ በቃል «እኛ ጋ እንደዚህ አይደረግም» ማለታቸው ዋጋ የለውም።

ቅዳሜና እሑድ ለኛ ሰው ምን ማለት እንደሆነ ደግሞ ለሐበሻ አይነገርም። ክርስትናው፣ ሠርጉ፣ ማኅበሩ፣ ለቅሶው ሁሉ የሚደረገው በእነዚሁ ቀናት ነው። በዚያ ክረምት የአክስቴን ልጅ ሠርግ ያየሁት በቪዲዮ ነው። ለቅሶ የደረስኩት ረቡዕ ቀን፣ ድንኳኑ ከተነሣ፣ ሰው ከተበተነ በኋላ ነው። ቅዳሴ ደግሞ ናፍቆኝ ከረመ።

ሥራውን ግን አላማውም። በሽተኞቹ አብዛኞቹ አረጋውያን ነበሩ፤ ሳምባቸው በከሰል አቧራ ያለቀ የድሮ ማዕድን ቆፋሪዎችም ነበሩባቸው። የእነዚያ ሰዎች ትዕግሥት ይገርመኝ ነበር። ትንፋሽ አጥሮት ዓረፍተ ነገር መጨረስ የማይችል ሽማግሌ «ደክሞሻል፣ ቁጭ በይ» ይለኛል። ሌሊት ላይ ለአንድ ነርስ ስድስት፣ አንዳንዴ ሰባት በሽተኛ ይደርሳታል። ካሊፎርንያ በ1999 ባወጣችውና ከ2004 ጀምሮ በሥራ ላይ ባዋለችው ሕግ በእንዲህ ያለው ክፍል ከአምስት እንዳይበልጥ ከልክላለች፤ በእኛ አካባቢ እንዲህ ያለ ሕግ የለም። ይህን የምለው ከሥራ ስትወጪ ምን ያህል ጉልበት እንደሚተርፍሽ እንድታስቢበት ነው።

በአምቡላንስ ወደተመለስኩበት ሰኞ ልምጣ።

ሁዳዴ ነበር። እሑድ ጠዋት ከሥራ ወጥቼ ሞቴል ተኛሁ፤ ከጎን ክፍል ያረፉት ሰዎች ዕቃ ሲያወጡና ሲያስገቡ ቀን 7 ሰዓት ላይ ነቃሁ፤ ከዚያ ወዲያ እንቅልፍ እምቢ አለ። ማታ ገባሁ። እኩለ ሌሊት ካለፈ ጀምሮ በረዶ ይጥል ጀመር። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ የምትረከበኝ ነርስ መንገድ ላይ ናት ተባለ፤ 2 ሰዓት ሆነ፣ 3 ሰዓት ሆነ፣ መኪናዋ ከቤቷ በር አልወጣም። ማንም ቆይ ብሎ አላስገደደኝም። ሜሪላንድም ሆነች ጎረቤቷ ዌስት ቨርጂኒያ ነርስን በግድ ኦቨርታይም ማሠራትን የሚከለክል ሕግ አላቸው፤ ለእንዲህ ያለው ቀን ግን ሁለቱም ሕጎች ቀዳዳ ትተዋል። ቀዳዳው ባይኖርስ? ርክክብ ሳታደርጊ በሽተኛ ጥለሽ መውጣት በሙያችን ፈቃድ የሚያስነጥቅ ነገር ነው። ሪፖርት ሰጥቼ ስወጣ ረፋዱ 5 ሰዓት ሆኗል። ከነቃሁ 22 ሰዓት መሆኑ ነው።

የፈረቃው ኃላፊ ነርስ «ባዶ ክፍል አለ፣ ተኝተሽ ሂጂ» አለችኝ። ባለቤቴ ግን 8 ሰዓት ላይ ኤርፖርት የሚያደርሰው ሰው አለው፤ ትንሿ ቤት ናት፤ ትልቁን 9 ሰዓት ተኩል ላይ ከአውቶቡስ የሚቀበል ያስፈልጋል። በረዶው ቆሟል፣ መንገዱ ተጠርጓል፣ ፀሐይ ወጥታለች። በዚያ ሰዓት ሁሉም ነገር ሂጂ ይላል።

ጾመኛ ስለነበርኩ ቡና አልቀመስኩም፤ ውሃም ቢሆን። መስኮት ከፈትኩ፣ ብርዱ ሲበረታ ዘጋሁት፣ ማሞቂያ ለኮስኩ። መዝሙር አብሬ ዘመርኩ። ጉንጬን ቆነጠጥኩ። ይህን ሁሉ የምታደርጊ ከሆነ እንቅልፉ ገብቶብሻል ማለት ነው፤ ትግሉ ከተጀመረ አንቺ አታሸንፊም። ሳይድሊንግ ሂልን ስወጣ አስታውሳለሁ፤ በረዶው የተቆረጠው ድንጋይ ላይ ነጭ መስመር ሠርቶ ነበር። ቁልቁለቱን ስወርድ አላስታውስም። ሃንኮክን አላስታውስም። 68 የት ላይ 70 እንደሆነ አላስታውስም።

የቀሰቀሰኝ ድምፅ ነው። ከመንገዱ ዳር አስፋልቱን የሚቦረቡሩት ጎማ ሲያልፍበት እንዲጮህ ነው፤ ጮኸ። መሪውን ወደ ቀኝ ጠመዘዝኩት፣ መኪናዋ ተሽከረከረች፣ በግራ ጎኗ ከመሐል መንገዱ ብረት ጋር ተላተመች። የአየር ከረጢቱ ፊቴ ላይ ፈነዳ። ከዚያ ጸጥታ፤ የማሞቂያው ድምፅ ብቻ።

ያኔ ያደረግሁት ነገር አሁንም ይገርመኛል። በሽተኛ የምጠይቀውን ራሴን ጠየቅሁ። ስምሽ ማነው? የት ነሽ? ዛሬ ምን ቀን ነው? ስሜን መለስኩ። ሰኞ መሆኑንም አወቅሁ። የት እንደሆንኩ ግን አላውቅም ነበር። የልብ ምቴን አንገቴ ላይ ቆጠርኩ። እግሮቼን አንቀሳቀስኩ። ግራ እጄን ላነሣ ስል ከአንገቴ ሥር ያለው አጥንት ሲንቋቋ ሰማሁትና መሰበሩን ለራሴ ነገርኩት።

ከኋላዬ ይመጣ የነበረው የትልቅ ካሚዮን ሾፌር፣ ጥምጣም ያደረገ ሕንዳዊ፣ ካሚዮኑን አጋድሞ መንገዱን ዘጋልኝ። እሱ ባያደርገው ኖሮ ቀጥሎ የሚመጣው መኪና በላዬ ላይ ነበር የሚያርፈው። በመስኮቱ ብርድ ልብስ አልብሶኝ ፖሊስ እስኪመጣ አጠገቤ ቆመ። ለብዙ ማይል መስመሩን ስትለቂና ስትመለሺ አይቼሽ ጡሩምባ እየነፋሁልሽ ነበር አለኝ። አንዱንም አልሰማሁም። ፖሊሱ መጠጥ ቀምሻለሁ ወይ ብሎ ጠየቀኝ፤ ዩኒፎርሜን አየና ጥያቄውን ቀየረው፦ «መቼ ነው የተኛሽው?»

አልጋ ላይ በዋልኩባቸው ሳምንታት የማነበው ስለ እንቅልፍ ማጣት ነበር። 17 ሰዓት ሳይተኛ የቆየ ሰው በደሙ ውስጥ 0.05 የአልኮል መጠን እንዳለበት ሰው ይሆናል፤ 24 ሰዓት ሲሞላው 0.10 እንዳለበት። በአብዛኛው አሜሪካ ሰው ሰክሮ ነዳ ተብሎ የሚከሰሰው 0.08 ላይ ነው። ፖሊሱ የጠየቀኝ ትክክል ነበር ማለት ነው። ማሳቹሴትስ ውስጥ ተመራማሪዎች የሌሊት ሥራ ላይ ያሉ 16 ሰዎችን በተዘጋ መንገድ ሁለት ሁለት ሰዓት አስነድተዋቸው ነበር፤ አንድ ቀን ተኝተው ካደሩ በኋላ፣ ሌላ ቀን ከሌሊት ሥራ እንደወጡ። ተኝተው የነዱ ቀን አንድም ችግር አልታየም። ከሥራ እንደወጡ የነዱ ቀን ከ16ቱ የ7ቱ ጉዞ ለደኅንነታቸው ሲባል ተቋረጠ። ውጤቱ በ2016 ታትሟል። እኔን የገረመኝ ግን ሁለት ሰዓት ማለታቸው ነው፤ የእኔ መንገድ ሁለት ሰዓት ተኩል ነው።

እንቅልፉም የምናውቀው ዓይነት እንቅልፍ አይደለም። ዓይን ተከፍቶ አእምሮ ለሦስት ለአራት ሴኮንድ ይጠፋል። በ70 ማይል ፍጥነት አራት ሴኮንድ ማለት ከ120 ሜትር በላይ ነው። ሰውየው እንደተኛም አያውቅ። ኒው ጀርሲ በ2003 «የማጊ ሕግ» የተባለውን አውጥታለች፤ በ1997 ሳይተኛ በነዳ ሰው መኪና በተገደለችው የኮሌጅ ተማሪ በማጊ ማክዶኔል ስም ነው። ከ24 ሰዓት በላይ ሳይተኛ ነድቶ ሰው የገደለ በግዴለሽነት ይጠየቃል ይላል። እኔ ብረቱ ላይ አረፍኩ እንጂ ማዶ ከሚመጣ ቤተሰብ ጋር ተጋጭቼ ቢሆን ኖሮ ሌላ ጽሑፍ ነበር የምታነቡት፤ የሚጽፈውም ሌላ ሰው ነበር።

ከተነሣሁ በኋላ ቤተ ክርስቲያን ሰዎች «መስክሪ፣ ተአምር ነው» አሉኝ። እኔም አልክድም፤ ለኪዳነ ምሕረት የተሳልኩትን አግብቻለሁ። ግን ተአምሩን ተማምኜ ሌላ ሰኞ መሪ አልጨብጥም። ምስክርነቴ ይህንንም ይጨምራል። የንስሐ አባቴ ሳይቀሩ የሆነውን ሲሰሙ መጀመሪያ የተናገሩት ስለ ጾሙ ነው፤ ሌሊቱን በእግሩ ቆሞ ያደረ ሰው ሰዓቱን ከንስሐ አባቱ ጋር ተመካክሮ ይጹም፣ ቀድመሽ ብትነግሪኝ አሻሽልልሽ ነበር አሉኝ። ሌሊት የምትሠሩ ጾመኞች፣ ይህን ጠይቁ።

ታዲያ ልጅቷ ትውሰደው? «ሩቅ አሳቢ ቅርብ አዳሪ» ሲባል ለፌዝ ነው፤ ለዚህ ሥራ ግን ትክክለኛው ሰው እሱ ነው። ሩቅ ሥሪ፣ ቅርብ እደሪ። ሆስፒታሉ አልጋ ይሰጥ እንደሆነ ጠይቂ፤ ካልሰጠ ሞቴሉን ከደመወዙ ላይ ዛሬውኑ ቀንሺውና የቀረውን እዪው። እሑድ ብቻ ሳይሆን ሰኞም እዚያው ተኝተሽ ነው የምትነሺው፤ ሁለት ቀን ይከፈላል። ሰዓትሽን ከሥራ መግቢያ ካርዱ ሳይሆን ከቤትሽ በር ቁጠሪ። የሜሪላንድ ፈቃድሽ የብዙ ግዛት ፈቃድ ከሆነ በነርሶች ስምምነት ውስጥ ባሉ ክፍለ ግዛቶች ሁሉ ስለሚያሠራሽ ድንበሩ አያስጨንቅሽ፤ የሚያስጨንቀው ክረምቱ ነው። ለሁለተኛ ዓመት ነርስ፣ ሌሊት ላይ የምትጠይቀው ልምድ ያለው ሰው በጥቂቱ በሚገኝበት ትንሽ ሆስፒታል፣ ሰባት በሽተኛ ይከብዳል፤ አንድ ዓመት እዚህ ብትቆዪ ደስ ይለኛል። ልጅ የለሽም፤ ሰኞን እዚያው መዋል ትችያለሽ፤ በዚህ ከእኔ ትሻያለሽ። አልጋ ከሌለ ግን፣ ክፍያው እጥፍ ቢሆንም፣ አትውሰጂው። ይህን በቃልም ነግሬአታለሁ።

እኔ አሁን ከቤቴ 20 ደቂቃ በማይሞላ ቦታ እሠራለሁ፤ ደመወዙ ያንሳል።

ለባሎችና ለእናቶችም አንድ ነገር ልለምን። ሌሊት የምትሠራ ሰው ጠዋት ደውላ «እዚሁ ትንሽ ተኝቼ እመጣለሁ» ካለቻችሁ፣ ስለ ልጆቹ፣ ስለ አውቶቡሱ፣ ስለ ምሳው አትንገሯት። «እሺ፣ ተኚ» በሏት፤ ልጁን የሚቀበል ሰው እናንተ ፈልጉ።